ጋሽ ዓምሃ፣ የሕፃናት ፈታኝ

በየሰፈሩ አንድ ፈታኝ አለ። ይህን የሚክድ ሰው ወይ ልጅ አላሳደገም፣ ወይ ፈታኙ እሱ ራሱ ነው። ሕፃን አቅፋችሁ ለቅሶ ቤት ብትገቡ እንኳ፣ ከጥግ አንድ ሰው አንገቱን ያሰግግና «ና እስቲ ማሙሽ፣ ስምህ ማነው? እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» ይላል። ልጁ ቢያፍር «አፉን አልፈታም እንዴ?» ነው። ቢመልስ «ይኼን ብቻ ነው የሚችለው?» ነው። ከዚህ ሰው እጅ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሕፃን እስካሁን አልተሰማም።

የእኛ የጉለሌዎቹ ፈታኝ ክቡር ጋሽ ዓምሃ ናቸው። ቤታቸው ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከሸማኔዎቹ ሰፈር ጀርባ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አልብሶ፣ የእጅ ሰዓት አስሮ ሸኛቸው። ፈታኝነቱን ግን አስረክቡ ያላቸው ሰው አልነበረም፣ እሳቸውም አላስረከቡም። ተማሪ ሲያጡ ገና ከጀርባ ያልወረደውን የሰፈር ልጅ ሁሉ ተፈታኝ አደረጉት።

አፈታተናቸው ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ከኮታቸው ቀኝ ኪስ አንዲት ከረሜላ አውጥተው ለተፈታኙ በሩቁ ያሳያሉ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ሕፃኑ ሊያስብ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲሰቅል እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ልክ አፉን ሊከፍት ሲል «ሰዓት አልቋል!» ይላሉ። ከረሜላዋም ወደ ኪስ ትመለሳለች። ያቺ ከረሜላ ከመውጣት ከመግባት ብዛት ወረቀቷ ተልጦ የኮቱን ብናኝ ለብሳለች። ሰፈሩ ውስጥ በዓይኑ ያላያት ሕፃን የለም፣ የቀመሳት ግን አንድም የለም።

አንድ ጊዜ ለመቅመስ የቀረበው ሶሬሳ ነው። ሶሬሳ የሾዴ ልጅ ነው፤ ሾዴ ደግሞ ግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት፣ ወላጆቿ ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ የመጡ፣ ጨዋ ጎረቤት ናት። ጋሽ ዓምሃ የለስላሳ ጠርሙሶቹን እያሳዩ ስንት እንደሆኑ ጠየቁት። ሶሬሳ የሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሰማው ኦሮምኛም አማርኛም ነው፤ ጣቱን እየቀሰረ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን» ብሎ አምስቱንም አንድ ሳይስት ቆጠረ። ጋሽ ዓምሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄው የወጣው በአማርኛ ስለሆነ መልሱ አይያዝም አሉ። ሾዴ ስኳር መመዘኑን ትታ «ጋሼ፣ አምስት ጠርሙስ እኮ በምንም ይቆጠር አምስት ነው» አለቻቸው። ከረሜላዋ ግን ወደ ኪስ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶሬሳ የጋሽ ዓምሃን ኮት ከሩቅ ሲያይ ከለስላሳ ሳጥኑ ጀርባ ይሸጎጣል። ጋሽ ዓምሃ ይህን እንደ አክብሮት ይቆጥሩት ነበር፤ የድሮ ተማሪዎቻቸውም እንዲሁ ሲያዩዋቸው መንገድ ይቀይሩ ነበርና።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ሰው እግዜር የሚሰጠው ልጅ ምን ትሆናለች? የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት። አንዲት ልጃቸው ቤዛዊት አዲሱ ገበያ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ለዚያውም የምታስተምረው በጨዋታ ነው። ሰው ሥራዋን ሲጠይቃቸው ጋሽ ዓምሃ «ትምህርት ቤት ናት» ብለው ወሬ ይቀይሩ ነበር።

አንድ ጊዜ ለአያቶች ቀን ጠራቻቸው። ከረባት አስረው፣ ምናልባት የሚታረም ነገር ቢገኝ ብለው ቀይ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው ሄዱ። ሲገቡ ያዩትን ማመን አቃታቸው። አንዱ ሕፃን ከትልቅ ሳፋ በጣሳ ውሃ እየቀዳ ሃይላንድ ውስጥ ይሞላል፤ ሲሞላ ይደፋዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ሁለቱ የለስላሳ ቆርኪ በየቀለሙ ይለያሉ። አንዷ ሊጥ እየደበለበለች እባብ ትሠራለች። ሌሎቹ ከሽሮ ሜዳ የመጣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ከረጢት ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ ሳያዩ በመዳሰስ ብቻ ጋቢ ይሁን ነጠላ ይገምታሉ። የገዛ የልጅ ልጃቸው ኖህ ደግሞ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ካርቶኑን መኪና አድርጎ ይነዳል። ደብተር የያዘ አንድ ሰው የለም።

ጋሽ ዓምሃ ልጃቸውን ወደ ጥግ ጠርተው ትምህርቱ የታለ ብለው ጠየቁ። ውሃ የሚቀዳው ልጅ ሙሉና ጎዶሎ፣ ብዙና ትንሽ እየተማረ መሆኑን፣ እጁም እርሳስ ለመያዝ እየጠነከረ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ይህማ ሒሳብ ከሆነ የሰፈራችን ልብስ አጣቢ ሁላ ፕሮፌሰር ናት አሉ ጋሽ ዓምሃ። ራሳቸው ብቻ ሳቁ።

ከዚያ ልጆቹ ኩኩሉ መጫወት ጀመሩ። ያው የእኛው ድብብቆሽ ነው፤ ፈላጊው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ኩኩሉ!» ሲል፣ ተደባቂዎቹ ገና ካልተመቻቸው «አልነጋም!» ይላሉ፣ ሲመቻቸው «ነጋ!» ይላሉ፣ ያን ጊዜ ፈላጊው ይነሣል። ጋሽ ዓምሃ ይሄኛውስ ደግሞ ምን ያስተምራል ብለው አፌዙ።

 የቤዛዊት ዓይን ልጆቹ ላይ ነበር። «የሚፈልጋቸው ሰው እንደሚመጣ ማመንን» አለች።

ጋሽ ዓምሃ ይህ በየትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚመደብ ስላልገባቸው አለፉት። እንዲህ ያለ ነገር ሲያልፉ የመጀመሪያቸው አልነበረም።

ነገሩ የፈነዳው በኖህ ሦስተኛ ልደት ነው። ሸጎሌ፣ ቤዛዊትና ባሏ ስብሐት ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ሦስት ሻማ ተለኮሰ። ኖህ ጉንጩን ነፍቶ ሊያጠፋ ሲል ጉሮሮ ተጠረገ። ጋሽ ዓምሃ ተነሥተው፣ ባለ ልደቱ ከአንድ እስከ ሃያ ሳይቆጥር ኬክ እንደማይቆረጥ በይፋ አስታወቁ። ሰዉ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። ልጁ እስከ ስድስት ደረሰ። ሰባትንና ስምንትን ዘለለና ዘጠኝ አለ። ጋሽ ዓምሃ ከመጀመሪያው አሉት። ሁለተኛ ጀመረ፣ አራት ላይ ድምፁ ተሰበረ። ሻማው ኬኩ ላይ እየቀለጠ ነው። «ሰዓት አልቋል!» አሉ ጋሽ ዓምሃ፣ ሰዓታቸውን አንኳኩተው።

ኖህ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እናቱ ጎንበስ ብላ ስታየው ሱሪው ርሷል።

 ጋሽ ዓምሃ ነገሩን የሚያስታግሱ መስሏቸው በየበዓሉ የሚያወሯትን ወሬ አመጡ። እናቱም እንዲህ መደበቅ ትወድ ነበር አሉ። አምስት ዓመቷ ሳለ አንድ እሑድ ኩኩሉ ካልተጫወትን ብላ ነዘነዘቻቸው፤ እሺ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባች። እሳቸው ግን ጠረጴዛው ላይ የሚታረም የአርባ ሁለት ተማሪ ፈተና ነበረባቸውና እሱን ሲያርሙ ረሷት። ባለቤታቸው የዓለምወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው ልጅቷን ጋቢ መሐል ተኝታ ያገኘቻት። «ሁለት ሰዓት ሙሉ! ትዕግሥት ማለት እንዲህ ነው፤ የዛሬ ልጅ ከየት አምጥቶ» ብለው ጨረሱ። እንግዳው ለይሉኝታ ሳቀ። ቤዛዊት ሁልጊዜ ይህ ሲወራ ፈገግ ትል ነበር። የዚያን ቀን ግን የልጇን ሱሪ ልትቀይር ወደ ጓዳ ገባች።

ሊሄዱ ሲነሡ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኖህን እንደማታመጣላቸው ነገረቻቸው። ጋሽ ዓምሃ ደነገጡ፤ ቅዳሜ ከሌለ ሳምንታቸው ምን ቀረው? ድንጋጤያቸውን ግን እንደ ልማዳቸው በቁጣ ሸፈኑት። ጥያቄ ልጅ ይገድላል እንዴ፣ አንቺንስ በዚሁ አይደለም ወይ ያሳደግሁሽ አሏት።

«አባባ» አለች ቤዛዊት፣ የደረጃውን ብረት ይዛ። «ያኔ ቁም ሳጥን ውስጥ አልተኛሁም ነበር። ነጋ ስል ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ ነጋ፣ ነጋ ስል ነበር። በመጨረሻ አፍሬ ዝም አልኩ። እማዬ ስትከፍተው ዓይኔን የጨፈንኩት እንዳለቀስኩ እንዳታውቅ ነው።»

ጋሽ ዓምሃ ሰዓታቸውን አዩ። ሰዓት አልቋል የሚላቸው ሰው ቢኖር ደስ ባላቸው ነበር።

ታክሲ ውስጥ ጥጉን ይዘው ተቀመጡ። ከሸጎሌ አዲሱ ገበያ እስኪደርሱ ያቺን እሑድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያገላብጧት መጡ፤ ረሳኋት ያሉት ነገር ውስጣቸው አልቀመጥ አላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያወሯት የዘለሏት አንዲት መስመር ነበረች። ድምፁን ሰምተውታል። ቀጭን ሆኖ፣ በእንጨቱ ታፍኖ፣ «ነጋ!» ሲል ሰምተውታል። የአንድ ተማሪ ወረቀት አራተኛ ጥያቄ ላይ ነበሩ። «አንድ ደቂቃ» ብለዋል፣ ለዚያውም በሆዳቸው። ከዚያ አምስተኛው ጥያቄ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ወረቀት። ያ ተማሪ ማን እንደነበር ዛሬ ስሙን እንኳ አያስታውሱትም። ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ረዳቱ ጋሼ መጨረሻ ነው ባይላቸው ኖሮ እዚያው ይቀሩ ነበር።

ስምንት ቅዳሜ አለፈ። ሰፈሩ ግራ ገባው፤ ጋሽ ዓምሃ መጠየቅ አቆሙ። ሕፃን ታቅፎ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ግን ጥያቄው አይወጣም። ሾዴ አሞዎታል እንዴ ጋሼ ብላ ጤና አዳም ያለበት ሻይ አፍልታ ላከችላቸው። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሱቁን ያያሉ። አንድ ቀን ሶሬሳ ማንም የሚያየው ሳይመስለው ከእናቱ ሱቅ ቆርኪ ከምሮ ሲጫወት አዩት። ቀዩን ወደዚህ፣ ቢጫውን ወደዚያ። ሲደረድር በሁለቱም ቋንቋ እያደባለቀ ይቆጥራል፤ ሲሳሳት ራሱ ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። አሥራ አራት ደረሰ። እንዲቆጥር የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጋሽ ዓምሃ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳላይ የት ነበርኩ አሉ። ወረድ ብለው ከረሜላዋን የለስላሳ ሳጥኑ ላይ አስቀምጠው፣ ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ልጁ እንዳይደነግጥ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ማታ ላይ ከረሜላዋ የለችም።

በዘጠነኛው ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ቤዛዊት ናት፣ ኖህን አቅፋለች። የመምህራን ሥልጠና አለባት፣ ስብሐት ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ልጁን የምትይዘው ሠራተኛ ታማለች። ሌላ ሰው ብታገኝ ኖሮ እንደማታመጣው ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቆርኪ፣ ሁለት ሃይላንድና የጨርቅ ቁርጥራጭ ያለበትን ከረጢት አስቀመጠች።

«እባክዎን አባባ» አለች፣ «ምንም አይጠይቁት። ምንም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ዓምሃ። እንደ ተማሪ ቆመው ነበር የመለሱት።

ገና በሩ ከመዘጋቱ ኖህ አያቱን አንድ ጊዜ አያቸውና ሮጦ መኝታ ቤት ገባ፣ አልጋ ሥር ተሸጎጠ። ጋሽ ዓምሃ ተከትለው ገቡ። ና እንዳይሉት ነገር፣ የእሳቸው ና ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ከረሜላ ቢያወጡ ደግሞ ይብሳል። ቆርኪውን ወለሉ ላይ ዘረገፉና ቀዩን ከቢጫው መለየት ጀመሩ። ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ሦስት ጊዜ ዋጡት። ከአልጋው ሥር ድምፅ የለም፤ የሚታየው የአንድ እግር ካልሲ ብቻ ነው። እንዲህ ሆነው ሰዓቱ ሄደ። ይህ ልጅ ዛሬ ካልወጣ እናቱ ስትመለስ ይዛው እንደምትሄድ፣ ከሄደችም በኋላ ቅዳሜ የሚባል ነገር እንደማይኖራቸው ተረዱ።

በመጨረሻ ጋሽ ዓምሃ ተነሡ። ኮታቸውን አወለቁ። ሰዓታቸውን ፈትተው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ እኒያ ክቡር የፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ኩኩሉ» አሉ።

ምንም የለም።

ቆዩ። ግድግዳው ላይ ግንባራቸውን አስደገፉ። «ኩኩሉ» አሉ ደግመው።

«አልነጋም» አለ አልጋው ሥር ያለው ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ጋሽ ዓምሃ በሕይወታቸው ለተፈታኝ አንድ ደቂቃ ጨምረው አያውቁም። አሁን ጠበቁ። ደግመው ኩኩሉ አሉ፣ አልነጋም አለ። አሁንም አሉ፣ አሁንም አልነጋም። ልጁ እያመናቸው መጣ መሰለኝ፣ አልነጋሙ ውስጥ ሳቅ ገባበት። ስንት ጊዜ እንደተባባሉ የቆጠረ የለም፤ የሒሳብ መምህሩም አልቆጠሩም።

«ነጋ!» አለ ኖህ።

ጋሽ ዓምሃ ወዲያው ዞሩ። የልጁ ካልሲ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ይታያል። ጨዋታው ቶሎ እንዳያልቅ ብለው እንዳላዩ ሆነው ከበሩ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ኋላ ፈለጉ። ቀጥሎ እጃቸው የቁም ሳጥኑ እጀታ ላይ አረፈ። ያው የድሮው ቁም ሳጥን ነው፣ ያው እንጨት። ከፈቱት። የዓለምወርቅ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ከሥሩ የአምስት ዓመት ልጅ የምትበቃበት ባዶ ቦታ አለ። ጋሽ ዓምሃ የተከፈተውን በር ይዘው እዚያው ቀሩ። ለምን እንደቆሙ እንኳ ረሱት።

ቤዛዊት ሥልጠናው ቶሎ አልቆ ስትመለስ ያገኘቻቸው እንዲህ ነው፤ ኮት የለ፣ ሰዓት የለ፣ ግማሽ ሰውነታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ።

«ምን እየፈለጉ ነው አባባ?»

ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው የመለሱት። «ሰምቼ ነበር» አሉ። «ያኔ። ነጋ ስትይ ሰምቼሻለሁ። ረሳኋት እያልኩ ሰው አሳቅሁብሽ እንጂ አልረሳሁሽም። አንድ ደቂቃ ብዬ ነው።»

 ቤዛዊት ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እኔም እዚህ ላይ አለች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ግን አላለችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ከትከሻዋ አወረደች።

«አውቃለሁ» አለች። «በቁልፉ ቀዳዳ አይዎት ነበር።»

«ነጋ አልኩ እኮ!» አለ ኖህ ከአልጋው ሥር፣ ትዕግሥቱ አልቆ።

ጋሽ ዓምሃ በሩን እንደያዙ ናቸው። ልጃቸው ጠጋ ብላ እጃቸውን ከእጀታው ላይ አላቀቀችና ወደ አልጋው አዞረቻቸው።

«ይሂዱ» አለቻቸው፤ «እየጠበቀዎት ነው።»

ጋሽ ዓምሃ ወለሉ ላይ ተንበረከኩና ወደ አልጋው ሥር አጎነበሱ።